የውሃዋን ነገር ተዋት

ሙሉቀን ያቺን አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና የገዛት ሥራ ፈልጎ አይደለም፤ ሰላምታ ፈልጎ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም። ሲጠይቁት «ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ያስረጃል» ይላል፣ ገና ያላረጀ ይመስል። ሠላሳ ዓመት ከበረሃ በረሃ እየተዛወረ የመንገድ ሥራ ማሽን ሲጠግን ኖሮ፣ ጡረታ ወጥቶ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመለስ፣ ከሚያውቃቸው ሰዎች ግማሾቹ አፈር ገብተዋል፤ የቀሩት ረስተውታል። ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ። በየድንኳኑ ሲያድር ዕድሜው ከላላ ቧንቧ እንደሚንጠባጠብ ናፍጣ ሳይታወቅ ፈስሶ አለቀ። እድር ገብቷል፤ ለቅሶም ይደርሳል። ለቅሶ ቤት ግን ከአጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ እንደሆነ ይውላል።

ቤቱ ወደ ይጁቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ጠዋት ጠዋት በርጩማ አውጥቶ ደጁ ላይ ሲቀመጥ፣ በየገበያው ቀን ያቺ መኪና እያጓራችና እያስነጠሳት ታልፍ ነበር። ሾፌሩ አስማማው ይባላል። መኪናዋ ሳትታይ ድምጿ ይቀድማል፤ ድምጿ ሲሰማ ሰው ሁሉ ቀና ይላል። ባለ ሱቋ የኔአለም በመስኮቷ እጇን ታወጣለች፤ ባጃጆቹ ጡሩምባ ይነፋሉ፤ የሰፈሩ ቄስ ሳይቀሩ መስቀላቸውን ከፍ ያደርጋሉ። አስማማው አንድ እጁን ለመሪ፣ አንድ እጁን ለሰላምታ ከፍሎ የሚኖር ሰው ነበር። ሙሉቀንም ከበርጩማው ላይ እጁን ያነሳል፤ አስማማውም ይመልስለታል። ከዚያ መኪናዋ ታልፍና እስከሚቀጥለው ገበያ ድረስ ወደ ሙሉቀን እጁን የሚያነሳ ሰው አይኖርም።

ታዲያ አንድ ቀን አስማማው ሊመነኩስ ነው ተባለ። ላገሩ አዲስ ነገር አይደለም። ዕድሜው ገፋ ሲል ዓለም በቃኝ ብሎ፣ ከብቱን ለዘመድ አከፋፍሎ ቆብ የሚደፋ ሞልቷል። አስማማው የሚያከፋፍለው ከብት ስላልነበረው መኪናዋን ለሽያጭ አቀረባት። ሙሉቀን ይህን በሰማ ማግስት ጡረታ ሲወጣ የተሰጠውን ይዞ ሮጠ። መሪውን የጨበጠ ሰላምታውንም የሚወርስ መስሎት ነው፤ ምስኪን።

«ጋሼ ሙሉቀን» አለችው የኔአለም መኪናዋ ግቢው ውስጥ ስትገተር አይታ፣ «ሌላው ሰው በዚህ ዕድሜው ሚስት ያገባል።»

«እሷስ ከሚስት በምን ታንሳለች።»

«እሱስ ልክ ነህ። ገና ከመግባቷ ታጨስብሃለች።»

ኮፈኗን ሲከፍት ግን ሳቁ ጠፋ። የናፍጣው ቧንቧ በከመነዳሪ፣ በጎማ ውስጥ ላስቲክ ቁራጭ ተጠምጥሞ በላዩ የጧፍ ሰም ተንጠባጥቦበታል። የነዳጁ ታንከር ሽንቁር በልብስ ሳሙና ተደፍኗል። የዘይት መክደኛው ሥር ዘይት እንዳያፈስ የገባው ጓርኒሲዮን ከጫማ ካርቶን የተቆረጠ ነው፤ የጫማው ቁጥር አርባ ሁለት እንደነበር አሁንም ይነበባል። ሞተሩን ደግፈው ከያዙት ቡሎኖች አንዱ የለም፤ በእሱ ፈንታ ተጠርቦ የተሰካው የወይራ ሽብልቅ ነው። ጠጋኝ የሌላ ጠጋኝ ሥራ ሲከፍት፣ ምራት የአማቷን ጓዳ ስትከፍት ማለት ነው፤ ያገኘውን እያነሳ ያያል፣ እያየ ይዘልፋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል ሙሉቀን የሌለውን አስማማውን፣ ጭንቅላቱን ሞተሩ ውስጥ ቀብሮ። «እንዴት አድርገህ ቤትህ ትደርስ ነበር?» በዓመት ያላወራውን ያህል በዚያ ሳምንት አወራ። አጥሩን ታክካ የምታልፈው የኔአለም እንግዳ የመጣበት መስሏት ሁለት ጊዜ ቆማ አዳምጣለች።

ሽብልቁን ነቅሎ ቡሎን አስገባ። ካርቶኑን ጥሎ ደህና ጓርኒሲዮን ቆረጠ። ሳሙናውን ፍቆ ታንከሩን አስበየደ። ራዲያተሩን ሲፈታ ደግሞ ከውስጡ ውሃ ሳይሆን እንደ ንፍጥ የተዝለገለገ ነገር ተጎትቶ ወጣ። አሽትቶ፣ በጣቶቹ መሃል አሽቶ አወቀው። ተልባ ነው። ራዲያተር ሲያፈስ ተልባ በትኖ ቀዳዳውን ማስደፈን የድሮ ሾፌሮች ብልሃት ነው፤ ለአንድ መንገድ ያደርሳል። አስማማው ግን ከዓመት እስከ ዓመት ሲያጠጣት የኖረ ይመስላል። ሙሉቀን ሦስት ቀን ሙሉ በፍል ውሃ አጠበው።

የገረመው ከዚያ በኋላ ያየው ነው። ከራዲያተሩ ሥር ውሃ ማውረጃዋ ትንሽ የነሐስ ቧንቧ አዲስ ናት። በዚያች መኪና ላይ በወጉ ተገዝታ በወጉ የተገጠመች ዕቃ እሷ ብቻ ነበረች። ግን እስከ መጨረሻዋ አልተዘጋችም፤ አንድ ዙር ጎድሏት ውሃዋን ጠብ፣ ጠብ ታደርጋለች። ሙሉቀን መሬት ላይ በጀርባው ተንጋሎ ብዙ አሰበ። ውሃ እንዳያፈስ ብሎ ከላይ ተልባ የሚያበላ ሰው፣ ከሥር ቧንቧ ከፍቶ ያፈስሳል?

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳው። ሄጄ ልጠይቀው አለ። እውነቱን ለመናገር፣ የፈለገው መልሱን ብቻ አልነበረም፤ የሚመልስለት ሰው ጭምር እንጂ። በሚኒባስ እስከ ደብረ ወርቅ፣ ከዚያ በእግሩ ግማሽ ቀን ተጉዞ ከአንድ ገደል አፋፍ ላይ ካለ ትንሽ ገዳም ደረሰ። አስማማው ቆብ ደፍተው፣ ጢማቸውን አሳድገው፣ ኪዳነ ማርያም ተብለው፣ ጓሮ ጎመን ይኮተኩታሉ።

«አባ፣ ስለ መኪናዋ ልጠይቅዎ መጥቼ ነበር።»

«የማን መኪና?»

«የአስማማው።»

«አስማማው ሞቷል» አሉ አባ ቀና ሳይሉ። «ሲመነኩስ ፍትሐት ተደርጎለታል። ቆሜ ሰምቻለሁ።»

ሙሉቀን ግራ ገባው። የመነኮሰ ለዓለም ሞተ እንደሚባል ያውቃል፤ ግን ሟች ጎመን ሲኮተኩት አይቶ አያውቅም። «እንዲያው ሟቹ ያን የወይራ ሽብልቅ ምን ብለው እንደሰኩባት ቢገባኝ ብዬ ነው።»

«ቡሎን አጥቶ ይሆናል። ነፍሱን ይማረው።»

«ተልባውስ?»

«ሆዷን እንዲያለሰልስላት ይሆናል።» የአባ ጢም ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልታወቀም። ቆሎ አቀረቡለት፤ ሲመሽም ማደሪያ አሳዩት። በነጋታው እስከ ገዳሙ በር ድረስ ሸኙት። በሩ ላይ ሲደርሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቁልቁል መንገዱን እያዩ ቆሙ።

«ወንድሜ፣ ሁሉንም አስተካክል» አሉት። «የውሃዋን ነገር ግን ተዋት።»

«ለምን፣ አባ?»

«ሞቷል አልሁህ እኮ።»

ሙሉቀን መንገዱን ሙሉ ለብቻው ሲስቅ ሄደ። ሠላሳ ዓመት ማሽን የጠገነ ሰው፣ ሞተር በወይራ ያሰረ መነኩሴ እንዲያስተምረው? ቤቱ እንደገባ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ከመኪናዋ ሥር ተንሸራተተና ቧንቧዋን በፒንሳ ይዞ አጠበቃት። አንድ ዙር። ጠብታው ቆመ። ከአርባ ቀን ሥራ ሁሉ ቀላሉ እሱ ነበር።

የመጀመሪያው የገበያ ቀን ደረሰ። ሙሉቀን ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ስንዴ ጭኖ ወጣ። መኪናዋ እንደ ድመት ነው የምታንኮራፋው። ጭስ የለ፣ ማስነጠስ የለ። የኔአለም ሱቅ ዘንድ ሲደርስ እጁን አዘጋጀ። መስኮቱ ባዶ ነው። ባጃጆቹ ቀና አላሉም። ቄሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ከሰው ጋር ይነጋገራሉ። እጁን ወደ መሪው መለሰው። ከከተማው መውጫ ላይ ጡሩምባ ቢነፋ፣ ከብት የሚነዱ ሁለት ሰዎች ዞረው ገላመጡት።

ይጁቤ ሲደርስ የጫኝና አውራጆቹ አለቃ ምስጋናው ከጆንያ ክምር ላይ ተፈናጥሮ ተነሳ። «ምነው እንደ ሌባ ድንገት መጣህብን? አስማማው ሲመጣ ከዳገቱ ላይ ሰምተነው ቁርሳችንን እንጨርስ ነበር። ድምጿ የት ሄደ፣ ታማ ነው?»

«ድና ነው።»

«ብትታመም ይሻል ነበር» አለ ምስጋናው ቂጣውን ወደ ኪሱ እየከተተ።

ማታ ሲመለስ የኔአለም ሱቋን ስትዘጋ አገኘችው። «ዛሬ ትወጣለህ ስትል አልነበር፣ ቀረህ?» አለችው። ሙሉቀን «ወጥቻለሁ» አለና ገባ። ያን ቀን ከመኪናዋ ጋርም አላወራም። ምን ይላታል? የሚዘልፈው ነገር አልተረፈባትም።

በመሃል መንገድ ላይ፣ ጭነት የያዘ መኪና ሁሉ የሚያቃስትበት አንድ ረጅም ዳገት አለ። ከአናቱ ጠምዘዝ ሲሉ አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን አጠገቧ አስቀምጣ ቆማለች። በመጀመሪያው ቀን ውሃ ሻጭ መሰለችው፤ አለፋት። በሁለተኛው ገበያ መኪና የምትጠብቅ መሰለችው፤ ቦታ አልነበረውም፣ አለፋት። በመስታወቱ ሲያያት ግን መኪናዋን እንደ ልጇ በዓይኗ ትከተላለች። በሦስተኛው ገበያ እግሩ ራሱ ፍሬኑን ያዘው።

ሴትዮዋ አምሳውን ያለፈች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች፣ በእጇ እንዝርት የያዘች ናት። ጠጋ ብላ ሾፌሩን ሳይሆን መኪናዋን አየች።

«እሷው ናት» አለች። «ድምጿን ባላውቀውም መልኳን አልስትም። ውሃዋን ይዤላት ነበር።»

«ውሃ አያስፈልጋትም፣ እትዬ። ጠግኛታለሁ።»

«ውሃዋንም?»

«ሁሉንም።» ሙሉቀን ይህን ሲል ደረቱ ትንሽ ወጣ አለ። በሦስት ገበያ ውስጥ ስለ ሥራው የጠየቀው ሰው እሷ ብቻ ናት።

«ታየች እባላለሁ» አለች። «ያ አስማማው እዚች ሲደርስ ትፈላበታለች። አሥራ አንድ ዓመት። ገና ዳገቱን ስትጀምረው እሰማትና ከምንጩ ቀድቼ እጠብቃለሁ። እሱም ይወርድና እዚያ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል።»

ሙሉቀን ገባው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም፤ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል። እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ነው። «ምን ያህል ይጠብቅ ነበር?» አላት፤ ባለሙያ አይደል።

«እኔ ሰዓት የለኝም። አንድ ልቃቂት እፈትላለሁ።»

«ምን ታወሩ ነበር?»

«ምን እናወራለን? እሱ መኪናዋን ይረግማል፣ እኔ እፈትላለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ደጄ ላይ የሚቆም እሱ ነው። ኋላ አንድ ቀን፣ ታየች፣ መኪናዋን ሸጬ ቆብ ልደፋ ነው አለኝ። ደግ አልሁት። ምን ልበለው?» እንዝርቷን ወገቧ ላይ ሰካች። «እንግዲህ ደህና ነች ካልከኝ ደግ።»

«ደህና ነች።»

«ደግ።» ጀሪካኑን አንስታ ውሃውን ከመንገዱ ዳር ካለች የኮሶ ችግኝ ሥር ቀስ ብላ ደፋችው። ባዶውን አንጠልጥላ በእርሻው መሃል ወዳለው ጎጆዋ ሄደች። ሙሉቀን እስክትገባ ድረስ አያት። ሞተሩ እንደ ድመት ያንኮራፋል። ይህን ድምፅ ያን ቀን ጠላው።

በሚቀጥለው ገበያ ማለዳ፣ ስንዴው ተጭኖ፣ ሙሉቀን ፒንሳውን ይዞ ከመኪናዋ ሥር ተንጋለለ። ቧንቧዋን ያዛት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እያየ የሚያፈስ ነገር ትቶ የተነሳበት ቀን የለም። በየበረሃው፣ መሐንዲሶቹ ስሙን ሲረሱት እንኳ «ያ እጁ ንጹህ የሆነው ሰውዬ» ይሉት ነበር፤ ያለው ሀብት ያ ስም ነው። ብዙ ቆየ። የኔአለም በአጥሩ ቀዳዳ እግሮቹን ብቻ አይታ «ጋሼ ሙሉቀን፣ እዚያው አደርክ እንዴ?» አለችው። ሙሉቀን ቧንቧዋን አንድ ዙር ወደ ኋላ መለሳት። ጠብ አለ፤ ግንባሩ ላይ።

ዳገቱ ላይ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ሄደ። ከአናቱ ሲደርስ ኮፈኑ ሥር እንፋሎቱ ተትጎለጎለ። ጠምዘዝ ብሎ አቆመ፤ ወረደ። ማንም የለም። ጠግኛታለሁ ያለው ራሱ አይደል? ድንጋዩ ባዶ ነው፤ የኮሶዋ ችግኝ ብቻ ነፋስ ያወዛውዛታል። ሙሉቀን መንገዱን ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ ከጋቢናው ባዶ ጀሪካን አውጥቶ በእርሻው መሃል ወደ ጎጆዋ ወረደ። ውሻ ጮኸበት። ታየች ደጇ ላይ ቁጭ ብላ ትፈትላለች።

«እንደምን ዋሉ። ውሃ ፈልጌ ነበር» አለ።

«ጠግኛታለሁ አላልከኝም?»

ሙሉቀን ጀሪካኑን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ጥገናው አልያዘም» አለ። ይህችን ቃል በሕይወቱ ከአፉ አውጥቷት አያውቅም፤ ስትወጣ እንደ ጥርስ ነበር የተነቀለችው።

ታየች ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «የመንግሥት ባለሙያ ነው ብለውኝ ነበር።»

«ነበርኩ።»

«አስማማውም እንዲያው ነበር። ጠግኛታለሁ ይላል፣ በሚቀጥለው ገበያ ትፈላለች።» ተነሳች፤ ጀሪካኑን ከእጁ ወሰደችው።

ድንጋዩ በመቀመጥ ብዛት ለስልሷል፤ ከሌላ ሰው ገላ ጋር የተስማማ ነው። ሙሉቀን ቢገላበጥም አልመቸው አለ። እሷ ከማዶ ካለው ጉቶ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾራለች። ከታች ሸለቆው እስከ ዓይን ጥግ ቢጫ ነው፤ ጤፍ ደርሷል።

«እሱ እግሩን እንዲያ አይዘረጋም ነበር» አለች።

ሙሉቀን እግሩን ሰበሰበ።

ትንሽ ቆይታ፣ «ሄደህ ነበር አሉ፣ ገዳም። ቆቡ ሆኖታል?» አለች።

«ሆኗቸዋል። ጎመን ይኮተኩታሉ።»

«ስለ መኪናዋ ጠየቀህ?»

«ሞቻለሁ ብለው አይናገሩም። አንድ ነገር ብቻ አሉኝ። የውሃዋን ነገር ተዋት አሉኝ።»

እንዝርቱ ቆመ። ታየች ሸለቆውን አየች እንጂ እሱን አላየችም። ክሩ ተበጥሶ ጭኗ ላይ ወድቋል። ሁለቱን ጫፎች በምራቋ አርጥባ፣ በጣቶቿ አሽታ ገጠመቻቸውና እንደገና ማሾር ጀመረች። የሙሉቀን ዓይን የጠጋኝ ነውና መጋጠሚያውን ፈለገው፤ አላገኘውም። ሁለቱም ሦስተኛ ሰው እንደሚጠብቁ ሆነው ሞተሩ እስኪበርድ ተቀመጡ።

ወሬው ከሱ ቀድሞ ይጁቤ ገባ፤ በዳገቱ ያለፉ ሌሎች ሾፌሮች እንፋሎቱን አይተዋል። ምስጋናው ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጠበቀው። «ባለሙያው፣ ውሃ ማቆም አቃተህ አሉ። ለአስማማውስ መነኩሴ መሆን አለለት፤ አንተ ምን ልትሆን ነው?» ጫኞቹ ሁሉ ሳቁ። አንዱ ቆሎ ዘገነለት።

በሳምንቱ የኔአለም በመስኮቷ ብቅ ብላ ጠበቀችው፤ እጇንም አወጣች። «ጋሼ ሙሉቀን፣ በሃይላንድ ውሃ ልያዝልህ?» ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን ነፉበት፤ አንዱ «ባለ ቧንቧው» ብሎ ጮኸ። ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ፤ ከንፈራቸው ግን እየሳቀ ነው። ሙሉቀን አንድ እጁን ለመሪው ትቶ አጸፋውን መለሰ። ያ ንጹህ እጅ የሚባለው ስሙ የሄደበትን አልጠየቀም።

ዳገቱ አናት ላይ ጀሪካኑ ቆሞ ይጠብቃል። ታየች ዛሬ ስለ አስማማው ጉልበት ሕመም አወራች፤ ብርድ እንደማይስማማው፣ ገዳሙ ደጋ መሆኑን፤ ሙሉቀን «እሺ» እያለ ሰማት። የሱን ጉልበት አልጠየቀችውም። ልቃቂቱ ሊሞላ ሲል ተነስቶ መዳፉን ራዲያተሩ ክዳን ላይ አሳረፈ። ሠላሳ ዓመት ሙቀት የለካ መዳፍ ነው፤ አይሳሳትም። ክዳኑ ከሰው እጅ የበለጠ ሙቀት አልነበረውም።

«በረደ?» አለችው ታየች ከጉቶዋ ላይ።

ሙሉቀን እጁን አነሳና ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

«ገና ነው» አላት።